የአያቴ ጂፕ፤ በየቅዳሜው የተማርሁት ትምህርት

በዓመት አንድ ጊዜ በሚወጣው በዚህ መጽሔት ላይ አብዛኛውን ጊዜ የሚጻፈው በክፍል ውስጥ ስለ ተማርነው ነገር ነው። እኔ ግን ዛሬ ላቀርብላችሁ ያሰብሁት በቤታችን ግቢ ውስጥ፣ ከቆርቆሮ ጥላ ሥር፣ ዘንድሮ በየቅዳሜው ከሰዓት በኋላ ስለ ተማርሁት ነው። የትምህርቱ መሣሪያ አንድ አሮጌ የአሜሪካ ጂፕ ሲሆን አስተማሪውም አያቴ፣ የእናቴ አባት ነበሩ። ስለ ሞተር አሠራር ምንም የማያውቅ አንባቢ እንኳ እንዲከተለኝ ከመሠረቱ እየጀመርሁ እገልጻለሁ። ያጠፋሁትንም ጥፋት ሳልሸሽግ እጽፋለሁ፤ ከሁሉ ይበልጥ የተማርሁት ከእርሱ ነውና።

ስለ ጂፑ ታሪክ

ጂፕ የተወለደው ለጦርነት ነው። እ.ኤ.አ. በ1940 የአሜሪካ ጦር ሠራዊት በአራቱም ጎማዎቹ የሚጎትት ቀላልና ጠንካራ መኪና እንዲሠሩለት ፋብሪካዎችን ጠየቀ። የመጀመሪያውን ናሙና በዚያው ዓመት ያቀረበው ባንታም የተባለ ትንሽ ፋብሪካ ነበር፤ በኋላ ግን በብዛት የሠሩት በኦሃዮ ግዛት በቶሊዶ ከተማ የነበረው ዊሊስ ኦቨርላንድና ፎርድ ናቸው። ጦርነቱ እስኪያበቃ ድረስ ከ600,000 በላይ ጂፖች ተሠሩ። እ.ኤ.አ. በ1945 ዊሊስ ለገበሬውና ለማንኛውም ሲቪል ሰው የሚሆን ጂፕ መሸጥ ጀመረ፤ ስሙንም ሲጄ አለው። ትርጉሙ የሲቪል ጂፕ ማለት ነው።

የአያቴ ጂፕ ሲጄ 3ቢ የሚባለው ነው። ይህ ዓይነት በአሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ1953 እስከ 1968 ሲሠራ ቆይቷል። ከሌሎቹ ጂፖች የሚለየው ኮፋኖው ከፍ ያለ በመሆኑ ነው። የዚህም ምክንያት በውስጡ የገባው ሞተር ከቀድሞው ረዘም ያለ ስለ ሆነ ነው። በቀድሞው ሞተር አየር የሚያስገቡትም ጭስ የሚያስወጡትም ቫልቮች በሲሊንደሩ ጎን በታች ነበሩ፤ በአዲሱ ግን የሚያስገቡት ወደ ላይ ወደ ቴስታታው ወጡ፤ የሚያስወጡት በታች ቀሩ። ይህን ነገር አንባቢ ልብ እንዲልልኝ እለምናለሁ፤ ለኋላው ታሪኬ ያስፈልጋልና።

አያቴ ጂፑን የገዙት በ1964 ዓ.ም. ከሌላ ሰው እጅ ነው። በሹፌርነት ኖረው ልጆቻቸውን ያሳደጉት በእርሱ ነው። እናቴ በተወለደች ሌሊት ሴት አያቴን ሐኪም ቤት ያደረሳት ይኸው ጂፕ ነበር። በ1993 ዓ.ም. ግን መለዋወጫ ጠፋ፣ የአያቴም ዓይን ደከመ፤ ጂፑም በግቢው ጥግ ቆሞ ቀረ። እኔ ካወቅሁት ጀምሮ ዶሮዎች ሲያድሩበት ነበር።

በመስከረም 2017 ዓ.ም. አጎቴ አንድ አሳብ አቀረቡ። «ይህ ብረት የያዘው ቦታ ሁለት የሚከራይ ክፍል ያወጣል። ገዢም አግኝቻለሁ፤ በኪሎ ይወስደዋል። ዛሬ እኮ ዘመኑ የኤሌክትሪክ መኪና ነው» አሉ። ንግግራቸው መሠረት ነበረው፤ መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በኤሌክትሪክ የማይሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን ሁላችንም ሰምተናል፤ የኪራዩም ገንዘብ ለቤታችን የሚጠቅም ነበር። አያቴ አንድም ቃል አልተናገሩም። በትራቸውን ይዘው ተነሡና ወደ ጂፑ ሄደው ኮፋኖውን በእጃቸው ደባበሱት። እኔም ይህን አይቼ፣ ምንም ሳላውቅ፣ «እኔ አስነሣዋለሁ» አልሁ።

ከብዙ ክርክር በኋላ እናቴ ፈረደች። ሞተሩ እስከ ፋሲካ ከተነሣ ጂፑ ይቀመጣል፤ ካልተነሣ ገዢው ይወስደዋል። ለእኔም ሁለት ሕግ አወጣችልኝ። አንደኛ፣ የትምህርት ቤት ሥራዬ ሳያልቅ ቁልፍ እንዳልነካ፤ ሁለተኛ፣ ነጥቤ ከወረደ ሥራው በዚያው እንዲቆም። ዘንድሮ የ12ኛ ክፍል ፈተና ተፈታኝ ነኝና ሕጉ የሚገባ ነበር።

የመጀመሪያው ሥራ፤ መታገሥ

አያቴ ዓይናቸው ጥላ እንጂ መልክ አይለይም። ስለዚህ እኔ አያለሁ፣ እርሳቸው ይነግሩኛል። አሥረኛ ክፍል የምትማረው እህቴም መብራት ትይዛለች፤ የተፈታውንም ብሎንና ዳዶ በባዶ የቲማቲም ጣሳ እየከተተች ከየት እንደ ወጣ በወረቀት ጽፋ ትለጥፋለች። ይህን ያስተማሩን አያቴ ናቸው። «መፍታት ማንም ይፈታል፤ መካኒክ የሚባለው የፈታውን የሚመልስ ነው» ይሉ ነበር።

በመጀመሪያው ቅዳሜ አራቱን ካንዴላዎች ፈታንና ማኒቬላውን ከፊት አስገብቼ ሞተሩን ላዞር ሞከርሁ። ግንብ የገፋሁ ያህል ሆነ። ሞተሩ 23 ዓመት በመቆሙ መካኒኮች ፋሻ የሚሏቸው የፒስተን ቀለበቶች ከሲሊንደሩ ግድግዳ ጋር በዝገት ተያይዘው ነበር። እኔ ረጅም ቧንቧ በማኒቬላው ላይ ሰክቼ በኃይል ላዞር አሰብሁ፤ አያቴ ግን ከለከሉኝ። በኃይል ቢዞር ፋሻው ይሰበራል፤ ቢዬላውም ይጣመማል። በዚህ ፈንታ የሞተር ዘይትና ናፍጣ አቀላቅለን በካንዴላዎቹ ቀዳዳ አፈሰስን፤ ሦስት ሳምንትም ጠበቅን። ቅባቱ ቀስ እያለ በዝገቱ መካከል ይሰርጋል።

በአራተኛው ቅዳሜ ማኒቬላውን በቀስታ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ስወዘውዘው የአንድ ጣት ስፋት ያህል ተንቀሳቀሰ። እህቴ ጮኸች። በዚያን ቀን ማታ ሙሉ ዙር ዞረ።

በእነዚህ ሳምንታት ውስጥ ከሾፌሩ ወንበር ሥር ያለውን የቤንዚን መያዣ፣ መካኒኮች ሰልባትዮ የሚሉትን፣ አውጥተን አጠብን። ቤንዚኑ እንደ ሙጫ ደርቆ ነበር። ከሥሩ አንዲት ትንሽ ቀዳዳ ስላገኘን እኔ ወደ ብየዳ ቤት ልወስደው ስል አያቴ ተቆጡ። ባዶ የሆነ የቤንዚን መያዣ ከሞላው ይበልጥ አደገኛ ነው፤ ምክንያቱም የሚፈነዳው ፈሳሹ ሳይሆን ከአየር ጋር የተቀላቀለው ተን ነው። በባዶው ውስጥ ተንና አየር ሞልቷል። ይህን የማያውቁ ብዙ ሰዎች ተጎድተዋል። ስለዚህ ቀዳዳውን ያለ እሳት፣ በማጣበቂያ ደፈንነው።

ሞተር እንዴት ይሠራል?

ጉዳዩ እንዲገባን ስለ ሞተሩ ጥቂት ማወቅ ይገባል። የጂፑ ሞተር አራት ሲሊንደር አለው። በየሲሊንደሩ ውስጥ አንድ ፒስተን ወደ ላይና ወደ ታች ይመላለሳል። ሥራውን የሚፈጽመው በአራት እርምጃ ነው።

አንደኛ፣ መሳብ፤ ፒስተኑ ሲወርድ የሚያስገባው ቫልቭ ተከፍቶ አየርና ቤንዚን ይገባል። ሁለተኛ፣ ማመቅ፤ ሁለቱም ቫልቮች ተዘግተው ፒስተኑ ወደ ላይ ሲወጣ የገባውን ወደ ሰባተኛ እጅ ገደማ ይጨምቀዋል። ሦስተኛ፣ ኃይል መስጠት፤ ካንዴላው እሳት ይረጫል፤ የታመቀው ነዶ ፒስተኑን በኃይል ወደ ታች ይገፋዋል። አራተኛ፣ ማስወጣት፤ የሚያስወጣው ቫልቭ ተከፍቶ ጭሱ ወደ ማርሚታ ይሄዳል። ከአራቱ እርምጃ ሥራ የሚሠራው አንዱ ብቻ ነው፤ ሦስቱ መሰናዶ ናቸው። የተማሪም ኑሮ ከዚህ ይመሳሰላል።

ፒስተኑ የሚመላለሰው ኮሎ የሚባለውን ጠማማ ዘንግ እያዞረ ነው። አራቱ እርምጃ ሲፈጸም ዘንጉ ሁለት ጊዜ ይዞራል። እንግዲህ ሞተሩ በደቂቃ 600 ጊዜ ቢዞር በሴኮንድ 10 ዙር ይሆናል፤ እያንዳንዱ ሲሊንደር በሴኮንድ 5 ጊዜ ይነዳል፤ በአራቱ ሲሊንደር በድምሩ 20 እሳት በአንድ ሴኮንድ ማለት ነው። ይህ እንግዲህ ሞተሩ ቀስ ብሎ ሲሠራ ነው።

የሞተሩንም መጠን በሒሳብ ማግኘት ይቻላል። የሲሊንደሩ ስፋት 79.4 ሚሊ ሜትር፣ የፒስተኑ ጉዞ 111.1 ሚሊ ሜትር ነው። የክቡን ስፋት ብናሰላ 49.5 ካሬ ሴንቲ ሜትር ይሆናል፤ ይህን በ11.11 ስናባዛ 550 ኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር ገደማ፤ በአራት ሲሊንደር 2,200፣ ማለት 2.2 ሊትር ይሆናል። በዘጠነኛ ክፍል የተማርነው የሲሊንደር ይዘት ፎርሙላ በግቢያችን ቆሞ ሳገኘው ደስ አለኝ።

አሁን ወደ ሥራችን እንመለስ። አያቴ አውራ ጣቴን በካንዴላው ቀዳዳ ላይ እንዳደርግና እህቴ ማኒቬላውን እንድታዞር አዘዙ። በአንደኛው፣ በሁለተኛውና በአራተኛው ሲሊንደር አየሩ ጣቴን ገፋው። በሦስተኛው ግን ምንም አልገፋኝም። አያቴ ነገሩን ሲሰሙ፣ «የሦስተኛው ማስወጫ ቫልቭ ተከፍቶ ዝጓል፤ ቴስታታውን ማውረድ የግድ ነው» አሉ። ከዚያ በኋላ ጉንፋን ይዟቸው ሁለት ሳምንት ከቤት አልወጡም።

ጥፋቴ

ቴስታታ ማለት የሲሊንደሮቹ ክዳን ነው። በብዙ ብሎኖች ይታሰራል። እኔም አያቴ እስኪድኑ መታገሥ አቅቶኝ በኅዳር ወር አንድ ቅዳሜ ሥራውን ብቻዬን ጀመርሁ። «ዓይናቸው አያይ፤ ከእንግዲህ ምን ይጨምሩልኛል?» ብዬ ማሰቤን ስጽፍ አፍራለሁ።

በመጀመሪያ ካርቡራቶሩን አወረድሁ። ከካርቡራቶሩ ሥር አየር የሚገባበት ሰፊ ቀዳዳ አለ። ቆሻሻ እንዳይወድቅበት ንጹሕ ጨርቅ ጠቅጥቄ ዘጋሁት፤ ይህን ማድረግ ያስተማሩኝ አያቴ ስለ ሆኑ በጥንቃቄዬ ኮራሁ። ከዚያም የላይኛውን ክዳን፣ የቫልቮቹን ማንሻና ዘንጎች አወጣሁ፤ የማያቸውን ብሎኖች ሁሉ ፈታሁ። ቴስታታው ግን አልነቃነቅ አለ። ከዝገት ነው ብዬ በመዶሻ እንጨት መታሁ፤ አሁንም አልነቃነቅ አለ። በመጨረሻ ትልቅ ካቻቢቴ በሁለቱ ብረቶች መካከል አስገብቼ ተንጠለጠልሁበት። ቀጭ የሚል ድምፅ ሰማሁ። ካቻቢቴው አምልጦ የቴስታታውን ለስላሳ ፊት ቦርቡሮት ነበር።

ያ ፊት እንደ መስታወት ልሙጥ መሆን አለበት። በእርሱና በሲሊንደሩ መካከል ጓርኒሲዮን የሚባል ስስ መድፈኛ ይገባል፤ ብረቱ ከተቦረቦረ የታመቀው አየር በዚያ ያመልጣል። እኔም ሸራውን በላዩ ጣልሁና ወደ ቤት ገባሁ። ለማንም አልተናገርሁም። በሚቀጥለው ቅዳሜ አያቴ ድነው ሲጠሩኝ «ፈተና አለብኝ» አልሁ። በሌላውም ቅዳሜ እንዲሁ አልሁ። እርሳቸው በጂፑ አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ሲጠብቁኝ በመስኮት አያቸው ነበር።

ምሥጢሩን ያገኘችው እህቴ ናት። አዲስ ጓርኒሲዮን ፍለጋ ወደ መርካቶ ምን አለሽ ተራና ወደ መለዋወጫ ሱቆች ሄደን በሦስተኛው ጉዞ አንድ አግኝተን ነበር። ማሂንድራ የተባለው የሕንድ ፋብሪካ ይህንኑ ጂፕ በፈቃድ ብዙ ዓመት ስለ ሠራ ከሕንድ የመጣ መለዋወጫ አልፎ አልፎ ይገኛል። እህቴ ጓርኒሲዮኑን ጠረጴዛ ላይ ዘርግታ የብሎን ቀዳዳዎቹን ቆጠረች፤ በጣሳው ያሉትንም ብሎኖች ቆጠረች። አንድ ቀዳዳ በለጠ። ወደ ጂፑ ሮጠን ቦታውን ብንፈልግ ጨርቅ የጠቀጠቅሁበት ቀዳዳ ሆነ። ጨርቁን ስናወጣ፣ በመብራት ስናይ፣ ከታች በጥቀርሻ ተሸፍኖ አንድ የብሎን ራስ ተቀምጧል። በዚህ ዓይነት ሞተር አየር ማስገቢያው ከቴስታታው ጋር አንድ ላይ የተቀረጸ ስለ ሆነ ከብሎኖቹ አንዱ በውስጡ፣ በካርቡራቶሩ ሥር ይገኛል። ቆሻሻ እንዳይገባ ብዬ ያደረግሁት ጨርቅ እውነቱን ሸፍኖብኝ ኖሯል።

በዚያው ማታ አያቴ ዘንድ ገብቼ ሁሉን ተናገርሁ። መብራት ይዘን ወደ ጂፑ ወሰድናቸው። ብሎኑ ሲፈታ ቴስታታው ያለ ችግር ተነሣ። አያቴ የተቦረቦረውን ቦታ በጥፍራቸው ደጋግመው ዳሰሱት። ቆይተውም እንዲህ አሉኝ፤ «ብረቱን ቶርኒዮ ቤት ይልጡልናል። ከካርቡራቶሩ ሥር ያለውን ብሎን ግን ጠይቀኸኝ ቢሆን በነገርሁህ፤ ሠላሳ ጊዜ ፈትቼዋለሁ። ሁለቱን ቅዳሜስ ማን ይልጥልኛል? እኔ እንደ ሆነ ብዙ ቅዳሜ የለኝም።»

መልስ አልነበረኝም። እስከ ዛሬም የለኝም። ከዚያ በኋላ ግን ጂፑን ሳልነካ እንኳ ቅዳሜ ከእርሳቸው ጋር ሳልቀመጥ አልቀረሁም።

ቴስታታውን ቶርኒዮ ቤት ወስደን በስሱ አስላጥነው፤ የከፈልሁትም ለአዲስ ጫማ ካጠራቀምሁት ገንዘብ ነው። የዛገውንም ቫልቭ በቅባት አርሰን፣ በቀስታ እየመታን አላቀቅነውና ከመቀመጫው ጋር በመፍጫ ቅባት አፋጭተን አስተካከልነው።

ሒሳብ በጄሪካን

ቴስታታውን ስንመልስ አዲስ ችግር ተነሣ። ብሎኖቹ ሁሉ እኩል መጥበቅ አለባቸው፤ ልኩም ከ81 እስከ 95 ኒውተን ሜትር ነው። ከላላ ያፈስሳል፤ ከጠበቀ ብሎኑ ይበጠሳል። የጥብቀት መለኪያ ቁልፍ ግን አልነበረንም። ነገሩን ለፊዚክስ መምህራችን ባማክራቸው መልሱን በጥቁር ሰሌዳ አሳዩኝ። የማዞር ኃይል ማለት ኃይል ሲባዛ በርቀት ነው። እንግዲህ ቁልፉን ግማሽ ሜትር በሚሆን ቧንቧ አስረዝመን በአግድም ይዘን፣ በጫፉ 18 ኪሎ ብንሰቅል፣ 18 ሲባዛ በ9.8 ሲባዛ በ0.5 ወደ 88 ኒውተን ሜትር ይሆናል። ይህም በልኩ መካከል ነው።

እኛም ጄሪካን በውሃ ሞልተን በሚዛን መዘንን። በአንድ ጊዜ እንዳይሆን ደግሞ አስቀድሞ በ6 ኪሎ፣ ቀጥሎ በ12፣ በመጨረሻ በ18 ኪሎ፣ ከመካከል ወደ ዳር እየሄድን አጠበቅነው። የተደበቀውን ብሎን አስቀድመን ነው የቆጠርነው።

ስለ እሳቱና ስለ ቃላቱ

ቀጥሎ የመጣው የእሳት ነገር ነው። የጂፑ ባትሪ 6 ቮልት ብቻ ነው፤ በካንዴላው ጫፍ ግን አየርን ሰንጥቆ የሚዘልል እሳት ለማግኘት በሺህ የሚቆጠር ቮልት ያስፈልጋል። ይህን የሚያደርገው ቦቢና የተባለው የሽቦ ጥቅል ነው። በውስጡ ሁለት ጥቅል አለ፤ አንዱ ወፍራምና ጥቂት ዙር፣ ሌላው ቀጭንና እጅግ ብዙ ዙር ያለው። ፑንቲና የምትባለው ትንሽ መገናኛ ተዘግታ ሳለ በወፍራሙ ሽቦ ኮረንቲ ያልፋል፤ ፑንቲናዋ በድንገት ስትከፈት ማግኔታዊው ኃይል ይፈርሳል፤ በቀጭኑም ሽቦ ውስጥ ከፍተኛ ቮልት ይፈጠራል። ማይክል ፋራዴይ እ.ኤ.አ. በ1831 ያገኘው ሕግ ይኸው ነው። የእኛ ፑንቲና ዝጋ ስለ ነበር በስስ የብርጭቆ ወረቀት ጠርገን ክፍተቷን በግማሽ ሚሊ ሜትር ልክ አደረግነው። ሞተሩን በማኒቬላ ስለምናስነሣ ለእሳቱ ብቻ ከሞተር ብስክሌት የተገኘ ትንሽ የ6 ቮልት ባትሪ በቃን።

በዚህ ስፍራ ስለ ቃላቱ አንድ ነገር ልበል። መኪናው የአሜሪካ ነው፤ እኛ ኢትዮጵያውያን ነን፤ የዕቃዎቹ ስም ግን አብዛኛው ከኢጣልያንኛ የመጣ ነው። ካንዴላ ሻማ ማለት ነው፤ ፍሪሲዮን ሰበቃ ማለት ነው፤ ቴስታታ ራስ ከሚለው ቃል የወጣ ነው። መኪናውን የሚሸከመው ባሌስትራ በቋንቋቸው የቀስት መወርወሪያም ስም ነው፤ ሁለቱም የሚሠሩት ጎብጦ በሚመለስ ነገር ነውና። የፊዚክስ መጽሐፋችን ስለ ሰበቃ ሲናገር አያቴ ከስድሳ ዓመት በፊት ቃሉን በእግራቸው ይረግጡት ነበር ማለት ነው።

የተነሣበት ቀን

ሞተሩን ለማስነሣት የሞከርነው በመጋቢት ወር፣ ፋሲካ ሊደርስ አራት ሳምንት ሲቀረው ነው። አጎቴም መጥተው ቆሙ። አያቴ ማኒቬላ ስለ መያዝ አንድ ማስጠንቀቂያ ሰጡኝ። አውራ ጣት ከሌሎቹ ጣቶች ጋር በአንድ ወገን ይሁን እንጂ መያዣውን አይክበብ፤ ከታች ወደ ላይ ይሳብ እንጂ ከላይ ወደ ታች አይገፋ። ሞተሩ ወደ ኋላ ቢመታ የጨበጠ ጣት ይሰበራል።

ሳብሁ፤ ምንም የለም። ደግሜ ሳብሁ፤ እንደ ጥይት ጮኸና ማኒቬላው ከእጄ ተነጥቆ ወደ ኋላ ዞረ። ጣቴ የተረፈው ምክሩን ስለ ሰማሁ ነው። አጎቴ ወደ ኋላ ሸሹ። አያቴ ግን በርጩማቸው ላይ እንዳሉ ራሳቸውን ዘንበል አድርገው፣ «ተራው ተሳስቷል። ሽቦዎቹን እንዴት አድርጋችሁ ነው የሰካችሁ?» አሉ።

«አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት» አልኋቸው።

«አይደለም። አንድ፣ ሦስት፣ አራት፣ ሁለት ነው» አሉ፤ እንደ ዳዊት በቃላቸው የያዙት ነበር። ሲሊንደሮቹ የሚነዱት በቁጥራቸው ተራ አይደለም፤ ዘንጉ ሳይናወጥ እንዲዞር በዚህ ቅደም ተከተል ይፈራረቃሉ። እኛ ከአራቱ ሦስቱን ያለ ጊዜያቸው እሳት ሰጥተናቸው ነበር።

ሽቦዎቹን ለወጥን። በሦስተኛው ሳብታ ሞተሩ አንድ ጊዜ ሳለ፤ በአምስተኛው ያዘ። ጥቁር ጭስ ወጣ፤ ዶሮዎቹ በአጥሩ ላይ በረሩ፤ ጎረቤት ሁሉ ወጣ። ቆይቶ ድምፁ እየተስተካከለ ሄደ። ሁላችን ስንጮህ አያቴ ዝም እንድንል በእጃቸው ምልክት ሰጡ። ከዚያም አዳመጡ። ለረጅም ጊዜ አዳመጡ። በመጨረሻም፣ «ሦስተኛው ገና ትንሽ ያንኳኳል» አሉና ፊታቸውን በነጠላቸው ጠረጉ።

አጎቴ ስለ ገዢው ዳግመኛ አላነሡም። በማግሥቱ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ አንድ ጣሳ የሞተር ዘይት ይዘው መጡ።

የሚቀረው ሥራ

አንባቢ ሆይ፤ ጂፑ በከተማ ሲሽከረከር ታያለህ ብዬ አልዋሽም። እስከ ዛሬ ከግቢያችን በር አልወጣም፤ ፍሬኑ ገና አልተሠራምና። የዚህ ጂፕ ፍሬን በአንድ የዘይት መስመር ብቻ የሚሠራ ነው፤ በአንድ ስፍራ ቢያፈስስ አራቱም ጎማዎች ፍሬን ያጣሉ። ጂፑ ወደ 1,000 ኪሎ ይመዝናል። በሰዓት 36 ኪሎ ሜትር ሲሄድ የሚይዘው የእንቅስቃሴ ጉልበት 50,000 ጁል ነው፤ ፍጥነቱ እጥፍ ሆኖ 72 ቢደርስ ግን ጉልበቱ እጥፍ ሳይሆን አራት እጥፍ፣ 200,000 ጁል ይሆናል። ይህን ሁሉ ማቆም ያለበት ፍሬኑ ነው። ስለዚህ ማስነሣት ሳይችሉ ማፈር ይሻላል፤ ማቆም ሳይችሉ ከመንዳት።

ለጓደኞቼ ተማሪዎች የምመክረው ጥቂት ነው። የፈታችሁትን ጻፉ። የማይነቃነቅ ነገር ሲገጥማችሁ ጉልበት ከመጨመራችሁ በፊት ያላያችሁት ብሎን እንዳለ ጠርጥሩ። ጥፋት ስታጠፉ በዚያው ቀን ተናገሩ፤ ብረት ይላጣል፣ ቅዳሜ ግን አይመለስም። ለወላጆቻችንም፣ በተለይ ለእናቴ፣ ነጥቤ እንዳልወረደ በአክብሮት አስታውቃለሁ።

ከሁሉም በላይ በየቤታችሁ በርጩማ ላይ የተቀመጡ ሽማግሌ ካሉ አጠገባቸው ተቀመጡና ጠይቋቸው። እኔ ከፈተናው በኋላ፣ እግዚአብሔር ቢፈቅድ፣ ፍሬኑን እጀምራለሁ። አያቴ የፊት ግራው ጎማ አስቀድሞ እንዲፈታ ነግረውኛል፤ ለምን እንደ ሆነም ጠይቄአቸዋለሁ።